ፀሐይ የመታው ወተት

ሐሙስ ሐሙስ፣ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ፣ የገንደ ቆሬ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ጣቢያ ሰባት ይወጣሉ። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ሰዓት የሚባል ነገር አታውቅም፤ ከአልጋዋ ሳትነሳ ትፋጃለች። ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ካርዳቸውን ያስነካሉ፣ ለጡታቸው ወተት ነጭ ኩባያ ይቀበላሉ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ማሽን ስም ይጠራል። ስሟ የተጠራ እናት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኩባያዋን ካላስገባች እንደ ቀይ ይቆጠርባታል።

ማሽኑ ድምፁ ያምራል። የተማረች የቤት ልጅ ነው የሚመስለው። «ውኃ ሰማንያ ስምንት፣ ስኳር ሰባት፣ ፕሮቲን አንድ፣ ቅባት ሦስት ነጥብ ስድስት። እናመሰግናለን» ይልና አረንጓዴ ያበራል፤ ቅባቱ ከልክ ካነሰ ቀይ። ሴቶቹ ቁጥራቸውን እንደ ስማቸው ያውቁታል። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ እንኳ የልጅቷ ታላቅ እህት ቅባቷ ስንት እንደሆነ በወሬ በወሬ የሚጠይቅ አይጠፋም። ይህን ነውር ነው የሚሉ አሮጊቶች ነበሩ፤ አሁን ግን እነሱም ይጠይቃሉ።

ሦስት ቀይ በተከታታይ ከመጣ ልጁ ወደ ውህድ ይዛወራል። ውህድ ማለት ጣቢያው ራሱ የሚያዘጋጀው፣ ሁሉ ነገሩ የተመጠነ ወተት ነው። ለእናትየዋ ደግሞ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወተት ማድረቂያ ክኒን በትንሽ ብርጭቆ ውኃ ይሰጣታል፤ ደካማና ሙሉ ወተት እየተቀላቀለ ልጁን እንዳያደናግረው ነው ይባላል። ማንም አያስገድድም። ክኒኑን ያልዋጠች እናት ካርዷ ይዘጋል፤ ካርዷ ሲዘጋ ክትባት፣ ሐኪም፣ የሕፃናት መዋያ አብረው ይዘጋሉ። አለመገደድ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ረምላ ሁለት ቀይ ነበራት።

ረምላ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው የግመል ወተት መረከቢያ ነው የምትሠራው። ከሽንሌ፣ ከኤረር ወተት ጭነው ለሚመጡ ሴቶች ጀሪካናቸውን ከፍታ ትለካለች፣ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ ያልጣማትን ፊት ለፊት ትመልሳለች። ውኃ የገባበትን ወተት ገና ሲንዶቆዶቅ በጆሮዋ ትለየዋለች ይሏታል። እሷም አታስተባብልም። እና ይቺ ሴት በራሷ ወተት ሁለት ጊዜ ስትወድቅ ምን ያህል እንዳንገበገባት አስቡት! አንድ ነጥብ አራት። በሁለተኛው ሐሙስም አንድ ነጥብ አራት።

ልጇ ሱሜያ አራት ወር ተኩሏ ነው። ጭኗ ላይ ሦስት እጥፋት አላት፤ ረምላ ስታጥባት እያንዳንዱን እጥፋት በጣቷ ከፍታ ነው የምታጸዳው። ስትስቅ ሆዷ አብሮ ይስቃል። ማሽኑ ግን ልጅ አያይም፤ ኩባያ ነው የሚያየው።

«የድሬ ነገር ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለቻት አዴ ሙሚና፣ የግድግዳ ጎረቤቷ። ሰባት ልጅ አሳድጋለች፤ ያኔ ጣቢያም ማሽንም አልነበረም። «ሙቀቱ ወተታችንን ያቀጥነዋል። ከደጋ የመጡት ተመራማሪዎች ጽፈውት የለ?»

«አንቺ ሰባቱን በምን አሳደግሻቸው ታዲያ? በጽሑፍ?»

«አቦ አትለክፊኝ! እንቺ፣ ጠጪ።»

አብሽ ነበር ያመጣችላት። ረምላ አብሹን ጠጣች። አጥሚቱን ጠጣች። ለውዝ በላች፣ ቅቤ በላች፣ ከመረከቢያው የግመል ወተት በሊትር ወሰደች። ባሏ ኢልያስ ከባቡር ጣቢያ ሲመለስ ዓሣ ይዞ መጣ፤ ዓሣ ይጨምራል ብሎት ነበር አንዱ የሥራ ባልደረባው። እሷ ጨመረች፤ ወገቧ ማለት ነው። ወተቷ ግን ንቅንቅ አላለም። ስኳሩ ልክ ነው፣ ፕሮቲኑ ልክ ነው፣ ቅባቱ ብቻ ነው የሚጎድለው።

«ውህዱም እኮ መጥፎ አይደለም» አላት ኢልያስ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ዓይኗን ሳያይ። «የእህቴ ልጆች በሱ ነው ያደጉት።»

«እኔ መጥፎ ነው አልኩ?»

«አይ፣ እንዲያው...»

«ኢልያስ፣ ልጄን ሳጠባ እጇን እዚህ ጋ ታደርጋለች» አለች፣ ደረቷን እየነካች። «በጣቷ ትቧጥጠኛለች። ይሄንን ነው በክኒን የምውጠው?» ምሳውን ትታው ተነሳች። ኢልያስም ከዚያ በኋላ የውህድን ስም አላነሳም።

ሦስተኛው ሐሙስ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆዳን መረከቢያው መጣች። ሆዳን ከሽንሌ የምትመጣ፣ የአሥር ዓመት ደንበኛ ናት፤ ወተቷ ተመልሶባት አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን መለኪያው ዝቅ አለ።

«ውኃ ጨመርሽበት እንዳልል አንቺን አውቅሻለሁ» አለች ረምላ። «ምን አድርገሽው ነው?»

«ወላሂ ምንም! ግመሏ ያው ግመል ናት፣ ሳሩ ያው ሳር ነው።»

«አለባውስ?»

«አለባው... ግልገሏ ዘንድሮ ደካማ ናት። የፊት የፊቱን አልብና የኋላውን ለሷ እተውላታለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ቅባቱ እኮ የኋላው ላይ ነው! የፊቱ ጥም መቁረጫ ነው፣ ሆዳን። አንቺ ይሄ ይጠፋሻል? ውኃውን ለእኔ አመጣሽልኝ፣ ወተቱን ለ...»

ቃሉን ሳትጨርስ መለኪያውን አስቀመጠች። ሆዳን ፊቷን አየቻት። «አመመሽ እንዴ?» አለቻት።

አላመማትም። ጣቢያ ሰባት በር ላይ የምታደርገውን ነበር ያየችው። እሷ ብቻ ሳትሆን ሁሉም የሚያደርጉትን። በፀሐይ ተጉዛ የመጣች እናት ጡቷን እንደ ደረሰች ለልጅ አትሰጥም። ፀሐይ የመታው ወተት ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ መጀመሪያ የፊቱ ተጨምቆ ይፈሳል፣ ከዚያ ነው ልጅ የሚጠባው። እናቷ እንዲያ አደረገች፣ የእናቷም እናት። ድሮ መሬት ላይ ነበር የሚፈሰው። ጣቢያው ሲመጣ ደግሞ እሰይ ተባለ፤ የሚደፋ ወተት አለ፣ ወተት የሚለምን ማሽን አለ። ሴቶቹ ፀሐይ የመታውን ለኩባያው ጨምቀው፣ ደህናውን ለልጆቻቸው ይሰጡ ጀመር። ከደጋ መጥቶ ማሽኑን የተከለ ሰው ይህን አልጠየቀም፤ የድሬ ሴትም ሳትጠየቅ እንዲህ ያለውን የጓዳ ነገር ለማን ብላ ታወራለች?

ረምላ ሆዳንን ሸኘችና በሩን ዘጋች። ሁለት ንጹሕ ብርጭቆ አነሳች። በአንደኛው ከራሷ ጡት የፊቱን አለበች። ከዚያ ወደ ሕፃናት መዋያው ሄዳ ሱሜያን አመጣቻትና እስክትጠግብ አጠባቻት፤ በሁለተኛው ብርጭቆ የቀረውን አለበች። ሁለቱንም በየተራ ወደ ግመል መለኪያው አስገባች። መለኪያው ቅባት ያውቃል እንጂ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። የመጀመሪያው አንድ ነጥብ አራት። ሁለተኛው አምስት ነጥብ ሁለት።

ብቻዋን ሳቀች። ቀጥላ ተናደደች፤ ንዴቱ ከሳቁ በረታ። ለአሥር ዓመት የሰው ግመል አለባ ስታርም፣ የራሷን ጡት እንዴት እንደምታልብ አላስተዋለችም! ሱሜያ ጭኗ ላይ ተኝታ ነበር። «ቆይ ብቻ ሐሙስ ይድረስ» አለቻት።

ሐሙስ ደረሰ። ረምላ ካርዷን አስነካች፣ ኩባያዋን ተቀበለች፣ ተቀመጠች፣ ኩባያውን አጠገቧ አኖረችና ጡቷን ለልጇ ሰጠች።

ከጎኗ የነበረችው ነስራ፣ የአዴ ሙሚና ምራት፣ ዓይኗን አፈጠጠች። ምራቷን ተከትላ የመጣችው አዴ ሙሚና ደግሞ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው? አሁን ከፀሐይ ገብተሽ?»

«እያጠባሁ ነው አዴ።»

«ፀሐይ የመታውን? ለሚጢጢዋ? አብደሻል እንዴ ረምላ!»

«ካበድኩ ማታ ሆዷን ሲነፋት ትነግሪኛለሽ። አሁን ተይኝ አቦ።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። አንዷ ተስፋ ቆርጣለች አለች፤ ሌላዋ ሁለት ቀይ ያየች ሴት ምን ታድርግ ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ነገሩ እንዲህ እየተጋጋለ ሳለ ማሽኑ ጠራ። «ወይዘሮ ረምላ አብዶሽ። አምስት ደቂቃ።»

ሱሜያ ገና መሞቋ ነበር። ለካ ይቺ ልጅ ስትጠባ አትቸኩልም፤ ትጎነጫለች፣ ታርፋለች፣ ጣሪያ ታያለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሌላ ቀን ረምላ ይህን ስታይ አንጀቷን ይበላታል። ዛሬ ግን ላብ አጠመቃት። ቀድማ ብትነጥቃት ገና ቅባቱ አልደረሰም፤ ብትጠብቃት ሰዓቱ ያልፋል። አራት ደቂቃ። ሦስት። ለኪዋ ሰብለ ከጠረጴዛዋ ማዶ ሆና «ረምላ፣ ኩባያው» አለቻት። ሰብለ ጣቢያው በተከፈተ ዓመት ተቀጥራ አሥራ አራት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«መጣሁ።»

«ሁለት ደቂቃ ነው የቀረሽ።»

«መጣሁ አልኩሽ እኮ!»

ሱሜያ በመጨረሻ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ውስጥ ገባች። ረምላ ያንኑ ጡት ወደ ኩባያው አለበች፤ ጥቂት ነው፣ ግን ወፍራም ነው፣ የኩባያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ልጇን ነስራ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች። አሥራ ሁለት ሰከንድ ሲቀር ኩባያው ገባ።

«ውኃ ሰማንያ ስድስት፣ ስኳር ሰባት፣ ፕሮቲን አንድ፣ ቅባት አምስት ነጥብ አራት» አለ ማሽኑ። ጣቢያ ሰባት እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምቶ አያውቅም። ረምላ ወደ ሴቶቹ ልትዞር ስትል ማሽኑ ጨመረ፦ «ናሙናው ከባለካርዷ የቀድሞ ናሙና ጋር አይመሳሰልም። የሌላ እናት ወተት ሊሆን ይችላል። ቀይ።»

ሦስተኛው ቀይ። ሰብለ ደንቡን ታውቃለች። መሳቢያዋን ከፈተች፣ ክኒኑንና ብርጭቆውን ትሪ ላይ አስቀመጠች፣ ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

«ይሄን ሰው ጥሪልኝ» አለች ረምላ። ትሪውን አልነካችም። «ሐኪሙን ጥሪልኝ!»

ዶክተር ናትናኤል ከደጋ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ተነግሮት ነበር፤ ቢሆንም ሴቶቹ አንተ ሲሉት አሁንም ደንገጥ ይላል። መነጽሩን እያስተካከለ ወጣና የማሽኑን ሰሌዳ አነበበ።

«ወይዘሮ ረምላ፣ የማን ወተት ነው?» አለ በትሕትና።

«የእኔ ነዋ! የማን ሊሆን?»

«በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ነጥብ አራት ወደ አምስት ነጥብ አራት አይወጣም።»

«በአንድ ሳምንት አይደለም፣ ዶክተር። በአንድ ጡት ውስጥ ነው። ሦስት ኩባያ ስጠኝና ቆመህ እየኝ። አፍረህ ፊትህን ብታዞር ግን አልስማማም፣ እያየህ ነው የምትፈርደው።»

ዶክተሩ ቀላ። ግን ሦስት ኩባያ አስመጣ። ረምላ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ልጇ ያልነካችውን ጡት ወደ መጀመሪያው ኩባያ አለበች። እጇ እንደ ሥራ ሰው እጅ ነው። በመጀመሪያው የፊቱን፣ ቀጥላ በትልቅ ብርጭቆ ብዙውን አወጣችና በሁለተኛው ኩባያ የመሐሉን፣ እንደገና ብዙ አለበችና በሦስተኛው የመጨረሻውን። ሴቶቹ ከወንበራቸው ተነስተው ከበቧት። አዴ ሙሚና አንገቷን ከፊት አስገብታለች።

ሰብለ ኩባያዎቹን በየተራ አስገባች።

«ቅባት አንድ ነጥብ አራት። ናሙናው ከባለካርዷ ጋር ይመሳሰላል» አለ ማሽኑ። «ቅባት ሦስት ነጥብ አንድ።» ሰብለ ሦስተኛውን አስገባች። «ቅባት አምስት ነጥብ ስድስት።»

«አሁን የማን ነው?» አለች ረምላ።

ዶክተር ናትናኤል ሦስቱን ቁጥሮች ደጋግሞ አያቸው። ወተት ከፊት ወደ ኋላ ቅባቱ እንደሚጨምር ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ማንም ሐኪም ያውቀዋል። ያላወቀው ሌላ ነገር ነበር። ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«ቆይ፣ እናንተ መቼ ነው ናሙናውን የምትሰጡት? ልጁ ከጠባ በኋላ አይደለም?»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እጃችሁን ለምን ትታጠባላችሁ ያላቸው ነው የመሰላቸው።

«ከጠባ በኋላማ እንዴት ይሆናል?» አለች አዴ ሙሚና። «ፀሐይ የመታውን ልጅ ይጠጣ? ፀሐይ የመታውን ለማሽኑ እንሰጣለን፣ ከዚያ ልጁ ይጠባል። ማሽን ሆድ የለው፣ አይነፋው።»

«ሁላችሁም?»

«የድሬ ሴት ሁሉ።»

ዶክተሩ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እኛ ጋ ልጁ ይቀድማል» አለ ለራሱ ያህል። «ለማሽኑ የተረፈው ነው የሚሰጠው። ልኩም የወጣው ከዚያ ነው። መመሪያው ናሙና ይውሰዱ ነው የሚለው፣ መቼ አይልም... ሙቀቱ አይደለም ማለት ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የምትደፉትን ነው ስንለካ የኖርነው።»

ነስራ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እልል ልትል ከጀላት፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። ረምላ ልጇን ተቀበለች። ሱሜያን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ሰው ያያል አላለች፣ አለቀሰች። የደስታ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ውስጧ ተቋጥሮ የነበረው ነው።

ቀና ስትል ሰብለን አየቻት። ሰብለ ማሽኑ አጠገብ ቆማለች። ትሪውን መልሳ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ክኒኑ አለ፣ ውኃው አለ።

«የእኔ አንድ ነጥብ ስድስት ነበር» አለች ሰብለ።

ክኒኑን እያየች ቀጠለች።

«ጣቢያው በተከፈተ በሁለተኛው ወር። ልጄ የሦስት ወር ነበር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው የዋጥኩት፤ ያኔ ለኪዋ ሌላ ነበረች። ጡቴ ሦስት ቀን እንደ ድንጋይ ሆኖ ሲያመኝ፣ እሱ እያለቀሰ በልብሴ ላይ ሲፈልገው፣ ውኃ ነው ያለኝ፣ ውኃ ምን ያደርግለታል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ እዚህ ተቀጠርኩ። ለስንት ሴት እንደሰጠሁ ታውቂያለሽ ረምላ? በእነዚህ እጆቼ። አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ሙቀቱ ነው እያልኩ።»

ሁሉን ነገር ለክታ የምታውቀው ረምላ ይሄን የምትለካበት አልነበራትም። ልጇን በአንድ ክንዷ አድርጋ በሌላው ትሪውን ከሰብለ እጅ ተቀበለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ዶክተሩ «ወይዘሮ ሰብለ፣ ለበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ መልስ እስኪመጣ ግን በደንቡ መሠረት...» ብሎ ጀመረ። ሰብለ አልሰማችውም። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተች። ደጅ ከግድግዳው ጥግ ጥግ ሰባ የሚሆኑ ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው፣ ኩባያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ናት። አንዳንዶቹ ተራቸው እስኪደርስ ብለው የፊቱን መጭመቅ ጀምረዋል።

«ኩባያውን አስቀምጡ!» አለች ሰብለ። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች፤ ድምፅዋም ምን የመሰለ ትልቅ ድምፅ ነበር! «መጀመሪያ አጥቡ! እስኪጠግቡ አጥቡ!»

«ፀሐይ የመታውን?» አለች ከመሐል አንዷ።

«አዎ፣ ፀሐይ የመታውን! እሱም ወተታችሁ ነው!»

ሴቶቹ አመነቱ። ወደ ሰብለ አዩ፣ ወደ ውስጥ አዩ፤ አዴ ሙሚና በሩ ላይ ብቅ ብላ ወገቧን ይዛ ቆማለች። አሮጊቷ ረምላን ዞራ አየች፣ የተኛችውን ሱሜያን አየች። «ምን ተገትራችኋል?» አለቻቸው። «ልጆቻችሁን አጥቡ እንጂ!»

አንዷ የግድግዳው ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሌላዋ ተከተለቻት። ወዲያው መላው ሰልፍ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ኩባያዎቹ በየእግራቸው ሥር ባዶአቸውን ተደረደሩ።

ማሽኑ ከውስጥ ስም ጠራ። «አምስት ደቂቃ» አለ። ሌላ ስም ጠራ። ማንም አልተነሳም፤ ልጆቹ ገና እየጠቡ ነበር።